ስድሳ እና ሰማንያ አምስት

ሰው ኮምፒውተር ሲገዛ እኔን ማማከር ይወዳል። ዘመድ ነው፣ ጎረቤት ነው፣ አንዳንዴም የጎረቤት ዘመድ ነው። «ስክሪኑን ስንት ላይ ላድርገው?» ይሉኛል። ለዛሬዎቹ ስስ ስክሪኖች መልሱ አጭር ነው፤ ፋብሪካው ያወጣለትን ልክ ስጡትና ተዉት እላቸዋለሁ። ከዚያ ወዲያ የሚጠይቀኝ ካለ ፊቴ ይጠቁራል። ልጆቼ «እማዬ ስለ ስክሪን ሲጠይቋት ትቆጣለች» እያሉ ይስቁብኛል። የምቆጣው በጠያቂው አይደለም። አንድ ጊዜ፣ መንዝ መሐል ሜዳ ላይ፣ ስክሪኑ ስንት ላይ እንደሚሆን የምወስነው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ የወሰንኩትም በአንድ ሽማግሌ ዓይን ላይ ነው።

ጊዜው ሚሊኒየሙ ሊገባ ሁለት ዓመት ግድም ሲቀረው ነው። ከመሐል ሜዳ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ወጣ ብሎ ያለ አንድ ደብር፣ የታቦቱ ገድል በብራና ተጽፎ ነበረው። ጣራው አፍስሶ ብራናው ጠቁሯል፤ ዳር ዳሩን አይጥ ቀምሶታል። አዲስ አበባ ያሉ የደብሩ ተወላጆች «ሳይጠፋ በኮምፒውተር ተጽፎ ይታተም» ብለው ኮምፒውተርና ፕሪንተር ገዝተው ላኩ። ደብሩ አካባቢ መብራት ስላልነበረ መሐል ሜዳ ላይ አንዲት ክፍል ተከራዩለት። ጸሐፊዋ እኔ፣ የመሐል ሜዳዋ ልጅ፣ ሆንኩ። አሥረኛ ክፍል ጨርሼ፣ ውጤት ሳይመጣልኝ ቀርቶ፣ ደብረ ብርሃን የሦስት ወር የኮምፒውተር ሥልጠና ወስጄ ነበር። ከእጅ አይሻል ዶማ የሚባል እውቀት ነው የያዝኩት፤ ግን በዚያን ጊዜ እሱም ተገኝቶ ነው።

ያን ጊዜ ስክሪን ማለት ከኋላው ትልቅ ሆድ ያለው ሳጥን ነው። ሚኒባሱ ጣራ ላይ እንዳይጫን ብዬ፣ በባና፣ በበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ ጠቅልዬ፣ ከደብረ ብርሃን እስከ መሐል ሜዳ ጉልበቴ ላይ ይዤው መጣሁ። ስንደርስ ሁለቱም እግሮቼ ደንዝዘው መቆም አቃተኝ። ረዳቱ «ምን አርግዘሽ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ።

ግእዝ አላውቅም። ፊደሉን እያየሁ እመታለሁ እንጂ የምመታው ነገር ምን እንደሚል አይገባኝም። ስለዚህ አራሚ አስፈለገ፤ አራሚው የደብሩ መሪጌታ ሆኑ። አገሩ ሁሉ የኔታ ነው የሚላቸው፤ እኔም የኔታ አልኳቸው። ሰባ ዓመት ግድም ይሆናቸዋል። ረጅም ናቸው፣ ቀጥ ያሉ፣ ጥቁር በርኖስ ከትከሻቸው የማይወርድ። ዜማ ሲያስተምሩ አንድ ቃና የሳተ ተማሪ ከመነሻው ይጀምራል፤ መቋሚያቸውንም የቀመሰ ብዙ ነው። ሲገቡ ክፍሏ የምትጠብብ ይመስለኝ ነበር። ፈራኋቸው ብል ውሸት አይደለም።

አንድ ወንድ ልጅ ነበራቸው። በድንበሩ ጦርነት ዘምቶ አልተመለሰም፤ መርዶውም የመጣው ጦርነቱ ካለቀ ከዓመታት በኋላ ነው። መርዶው የተነገረ ዕለት አገር ሲጮህ የኔታ አላለቀሱም። አስከሬን በሌለበት ፍትሐት ላይ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመው፣ አንድ ቃና ሳያጎድሉ ዜማውን መሩት። ሰዉ «ወንድ!» አለ። ባለቤታቸው ግን «ለካ ድንጋይ አግብቼ ኖሬያለሁ» አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለግድ ነገር ካልሆነ በቀር አላናገሯቸውም። ይህን እኔ ሥራውን ከመጀመሬ በፊት አገሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ የቤታችንም ወሬ ነበር።

ስክሪኑን መጀመሪያ ስምንት መቶ በስድስት መቶ ላይ አደረግሁት፤ ሥልጠናው ላይ የለመድነው እሱን ስለሆነ። ስክሪን ላይ የሚታይ ነገር ሁሉ በነጥብ የተሠራ ነው። ነጥቡ ሲያንስ ፊደሉ ይጎላል፣ የሚገባው ግን ጥቂት ነው፤ ነጥቡ ሲበዛ ፊደሉ ያንሳል፣ ብዙ ነገር ይገባል። በስምንት መቶው የገጹ ሩብ ያህል ብቻ ነው የሚታየው። የኔታ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉና አዩት።

«ገጹ የታለ?» አሉ።

«ከታች አለ የኔታ። ይኸውልዎ፣ ሲወርድ ይመጣል።»

«ብራና አይወርድም» አሉኝ።

የሳቸው ልማድ ገጽ በገጽ መገልበጥ ነበር። ዋናው ገጽ በየትኛው ቃል ጀምሮ በየትኛው ቃል ካበቃ፣ ግልባጩም በዚያው ጀምሮ በዚያው ያበቃል፤ ዓምዱም ሁለት ከሆነ ሁለት ነው። ከዚያ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ በአንድ ዓይን ማየት ነው እርማት ማለት። ገጹን ሙሉውን ሳያዩ አንዲት ፊደል አላርምም አሉ። እኔም የምችለውን አደረግሁ። የነጥቡን መቆጣጠሪያ እስከ መጨረሻው ገፋሁትና አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሰማንያ በአንድ ሺህ ሃያ አራት ላይ አቆምሁት። ገጹ ከነሁለት ዓምዱ፣ ከራስጌ እስከ ግርጌ፣ ቁጭ አለ። ፊደሉ ቀጠነ፤ የኔታ ግን ቀጭን ፊደል ሲያነቡ የኖሩ ሰው ናቸው።

«እህ! አሁን ገጽ ሆነ» አሉ። ካወቅኋቸው ጀምሮ ያመሰገኑኝ ያን ጊዜ ነው፤ እስከ ማታ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

እዚያው ከሥሩ ሌላ ቁጥር ነበር። ስድሳ ሄርዝ ይላል። አሠልጣኛችን ያንን ቦታ ዘሎት ነው ያለፈው። ምን እንደሆነ ስላላወቅሁት አልነካሁትም።

ፕሪንተሩ በሁለተኛው ሳምንት ተበላሸ። ከደብረ ብርሃን ባለሙያ እስኪመጣ ድረስ እርማቱ ሁሉ ስክሪኑ ላይ ሆነ። እኔ ስጽፍ ዓይኔ ብራናውና ኪቦርዱ ላይ ነው፤ ስክሪኑን ቀና እያልኩ ነው የማየው። የኔታ ግን ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ዓይናቸውን ከመስታወቱ አይነቅሉም። ስክሪኑን መስታወቱ ነበር የሚሉት። ዐቢይ ጾም ገብቶ ስለነበር ውኃ እንኳ አይቀምሱም። በለሆሳስ እያነበቡ ይሄዳሉ፤ ስህተት ሲያገኙ በመቃ ብዕራቸው ጫፍ መስታወቱን ነካ ያደርጉታል፣ እኔ አስተካክላለሁ። «እለፊ» ሲሉኝ ወደሚቀጥለው ገጽ አልፋለሁ። እንዲህ ነበር ሥራችን።

አንድ ቀን «እለፊ» የሚለው ድምፅ ዘገየብኝና ቀና ብል እንባቸው በጺማቸው ላይ ይወርዳል። ገድሉ የሰማዕት ገድል ነው፤ የደረሱበትም የሰማዕቱ እናት አስከሬን የምትፈልግበት ቦታ መሆኑን በኋላ ነገሩኝ። ደነገጥሁ። የኔታ እንባቸውን አልጠረጉትም፤ ጭራሽ እንዳይቋረጥ የፈሩ ይመስላሉ። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ሌላ ገጽ ላይ፣ ምንም የሚያስለቅስ ነገር የሌለበት፣ የአገር ስም የሚቆጠርበት ቦታ ላይ አለቀሱ።

በቤተ ክህነት ሰው ዘንድ እንባ ስጦታ ነው። ሀብተ እንባ ይሉታል። ጸሎት ላይ እንባ የሚመጣለት ሰው ይቀናበታል፤ ሱባኤ ገብቶ፣ ደረቱን ደቅቶ፣ አንዲት ጠብታ አጥቶ የሚመለስ አለ። የኔታ በአራተኛው ቀን ሊሄዱ ሲነሡ በር ላይ ቆም አሉና እንዲህ አሉኝ፦ «አንቺ ልጅ፣ መርዶው ከተነገረኝ ወዲህ ደርቄ ነበር። ሰው የቻልኩ መሰለው። አልቻልኩም፤ ደርቄ ነው። ዛሬ ለልጄ አለቀስኩ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን የኔታ» አልኩ። እውነትም አመሰገንኩ፤ ሌሊቱን ሁሉ ደስ ብሎኝ ነው ያደርኩት።

ወሬው ደብሩ ዘንድ ደረሰ፤ ከዚያም ባለቤታቸው ዘንድ። አንድ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ እማማ በሶ ይዘው መጡ። ትንሽ፣ ቀጭን ሴት ናቸው፤ ከመርዶው ጀምሮ ጥቁሩን አላወለቁም። ወንበር ባቀርብላቸው አልተቀመጡም። በር ላይ ቆመው ባላቸውን በጎን በኩል አዩዋቸው። የኔታ አላዩዋቸውም፤ መስታወቱን እያዩ እንባቸው ይወርዳል። እማማ ቀስ ብለው ሄዱና በነጠላቸው ጫፍ ጺማቸውን ጠረጉላቸው። «አንቱ» አሉ። ማታ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ መንገዱ ላይ ጎን ለጎን ሲሄዱ አየኋቸው።

ከዚያ በኋላ በየሁለት ቀኑ ይመጡ ጀመር። በሶውን በጥብጠው ያቀርባሉ፣ አጠገባቸው ይቀመጣሉ፣ ስለ ልጃቸው ያወራሉ። በግ መሸጥ አይወድም ነበር፤ ለገበያ ሲነዱበት ከበጉ አልለይም እያለ ያለቅስ ነበር ይላሉ። የኔታ እያለቀሱ «አዎን፣ አዎን» ይላሉ። እኔ መጻፉን እቀጥላለሁ፤ የኪቦርዱ ድምፅ እንዳይረብሻቸው ቀስ እያልኩ። በሕይወቴ ከዚያ የተሻለ ሥራ ሠርቼ አላውቅም እል ነበር ለራሴ።

በጾሙ እኩሌታ ባለሙያው ከደብረ ብርሃን መጣ። የዚያን ዕለት የኔታ ለቅዳሴ ደብር ቀርተዋል። ፕሪንተሩን ሠርቶ ሲጨርስ ስክሪኑን አየና ፊቱን አጨፈገገ።

«ይሄን እንዴት ቻልሽው?»

«ምኑን?»

እስክሪብቶውን አወጣና ስክሪኑ ፊት ፈጠን አድርጎ አወዛወዘው። አንዱ እስክሪብቶ ብዙ ሆኖ፣ ቁርጥራጭ ሆኖ ታየኝ። «አየሽ? ይጠፋል፣ ይበራል። በሰከንድ ስድሳ ጊዜ። አንቺ አታስተውዪውም፣ ዓይንሽ ግን ይደክማል። እዚህ ላይ አፍጥጦ የሚውል ሰው ራሱን ያመዋል፣ ዓይኑ ይቀላል፣ ያለቅሳል።»

«ያለቅሳል?» አልኩት።

«ሽንኩርት እንደሚከትፍ ነዋ!» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ነገሩን አስረዳኝ። ስክሪኑ አቅሙ የተወሰነ ነው። ነጥብ ካበዛሽበት መታደሱን ይቀንሳል፤ ጭነት የበዛበት አህያ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው አለኝ። ነጥቡን ወደ አንድ ሺህ ሃያ አራት በሰባት መቶ ስድሳ ስምንት አወረደው፤ ስድሳውንም ወደ ሰማንያ አምስት ከፍ አደረገው። እውነት ነው፤ ስክሪኑ ረጋ። እስከዚያ ድረስ ይንቀጠቀጥ እንደነበር የገባኝ ሲረጋ ነው። ገጹ ግን ለሁለት ተቆረጠ።

ባለሙያው ሲሄድ ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ምናልባት አይደለም አልኩ ለራሴ። የሳቸው እንባ የእውነት ሊሆን ይችላል።

በማግስቱ የኔታ መጡና አዩት። «ግማሹን ምን በላው?»

«ለዓይንዎ ይሻላል ብሎ ነው ባለሙያው» አልኳቸው። አጉረመረሙ፤ ፕሪንተሩ ስለተሠራ በወረቀት ላውጣልዎ ብላቸውም እምቢ ብለው መስታወቱ ፊት ተቀመጡ። ያን ቀን ትንሽ አለቀሱ። በማግስቱ ከዚያ ያነሰ። በሦስተኛው ቀን ዓይናቸው ደረቀ።

አንድ ሰው ቤቱ ውስጥ የጠፋበትን ነገር ሲፈልግ አይታችኋል? የኔታ ገጹን ወደ ኋላ አስመለሱኝ፣ የእናቲቱን ቦታ ደግመው አነበቡት። እንባ የለም። «ገጹን ስለቆረጣችሁት ይሆናል» አሉ መጀመሪያ። ከዚያ ግን ገጹን ትተው ራሳቸውን ያዙ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መቅመሱን ትተው ፀሐይ እስክትጠልቅ ይጾሙ ጀመር። የደበደቧቸውን የድሮ ተማሪዎች በየቤታቸው እየዞሩ ይቅርታ ጠየቁ፤ አንዱ አሁን ሚኒባስ ሾፌር ነው፣ መናኸሪያ ድረስ ሄደው እግሩ ላይ ሊወድቁ ሲሉ ሰው ነው የያዛቸው። አንድ ጠዋት ደግሞ እኔን፣ «አንቺ ልጅ፣ ያስቀየምኩሽ ነገር አለ?» አሉኝ። «የሰጠኝን መልሶ ወሰደው፤ ምክንያት ይኖረዋል።»

እማማ መጡ። በሶውን ይዘው በር ላይ ቆመው የባላቸውን ደረቅ ዓይን አዩት። አልተቀመጡም። በሶውን ጠረጴዛው ላይ አኑረው ተመለሱ። የኔታ ተነሥተው ተከተሏቸው። መንገዱ ላይ እማማ ፊት ፊት፣ የኔታ ኋላ ኋላ ሲሄዱ አየሁ። ያን ቀን ነው የወሰንኩት።

«የኔታ፣ ገጹን ልመልስልዎ?» አልኳቸው በማግስቱ።

«ይቻላል?»

«ይቻላል።»

መቆጣጠሪያውን እስከ መጨረሻው ገፋሁት። ሰማንያ አምስቱ በራሱ ጊዜ ስድሳ ሆነ። ለሳቸው የመለስኩት ገጹን ነው፤ ስድሳውን አላነሣሁም። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም ይባላል፤ አውቄ የተኛሁት እኔ ነኝ። ከሦስት ቀን በኋላ እንባቸው መጣ። «ተመስገን» አሉ። አፈርኩም፣ ደስም አለኝ። እማማም ተመልሰው መጡ፤ ሁለቱ ስለ ልጃቸው ከቆሙበት ቀጠሉ።

ትንሣኤ አለፈ። የኔታ ራሳቸውን ማመም ጀመራቸው፤ ጾም የጎዳቸው መሰለን። የበሩን መቃን ይገጩ ጀመር፤ እርጅና አልነው። ከዚያ አንድ ቀን ፊታቸው በርቶ መጡና፣ «ዛሬ ጸሎት ላይ ሻማውን ሳየው ዙሪያውን ቀስተ ደመና ከቦታል። ክብ ሆኖ፣ እንደ አክሊል» አሉኝ። ሌላ ሰው ሰምቶት ቢሆን እግራቸውን ይስም ነበር። እኔ ግን መጻፌን አቆምኩ። ዓይናቸውን እያጠፋሁት ነው አልኩ በልቤ፤ ከዚህ ወዲያ ዝም ማለት አልቻልኩም።

«የኔታ፣ አንድ ነገር ልንገርዎ። ይርገሙኝም፣ ይምቱኝም።»

ነገርኳቸው። ባለሙያው ያለኝን፣ ስድሳውን፣ ሰማንያ አምስቱን፣ ገጹን የመለስኩላቸው ጊዜ ምን እንዳደረግሁ ጭምር። እስክጨርስ አላቋረጡኝም። ሲያበቃ «አሳዪኝ» አሉ።

መቃ ብዕራቸውን ተቀበልኳቸውና መስታወቱ ፊት አወዛወዝኩት። አንዱ ብዕር ብዙ ሆነ። ከዚያ ወደ ሰማንያ አምስቱ ለውጬ ደግሜ አወዛወዝኩት። የኔታ ብዕሩን ከእጄ ወስደው ራሳቸው አወዛወዙት፤ አንዴ በዚህኛው፣ አንዴ በዚያኛው እያስለወጡኝ። ዜማ ሲያርሙ እንደሚያደርጉት ደጋግመው፣ እስኪያረጋግጡ ድረስ።

«እንግዲያ ያ ሁሉ እንባ የመስታወቱ ነዋ» አሉ።

እኔ አለቀስኩ። እሳቸው አላለቀሱም። ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው፣ እጃቸውን በበርኖሳቸው ውስጥ ከተቱ። ተቆጥተው ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

«ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም።»

«ለሷ እንዳትነግሪ። ለልጇ ያለቀስኩ መስሏታል።»

«አልነግርም የኔታ።»

ውጭ ፀሐዩን አዩ፤ ሰዓት የሚያውቁት በፀሐይ ነው። «ወደ ስድሳው መልሺው» አሉኝ።

«ዓይንዎ...»

«መልሺው አልኩሽ። ልትመጣ ነው።»

መለስኩት። በሕይወታቸው አንዲት የተሳሳተች ፊደል አላሳልፍ ያሉ ሰው፣ ወንበራቸውን ወደ መስታወቱ አስጠግተው ዓይናቸውን ገልጠው ተቀመጡ። አያነቡም ነበር፤ ከንፈራቸው አይንቀሳቀስም። ማፍጠጥ ብቻ። እማማ ሲገቡ እንባቸው መውረድ ጀምሯል። እማማ አጠገባቸው ተቀመጡና ልጃቸው አንድ ክረምት የሠራውን የሸክላ በግ ማውራት ጀመሩ፤ ጅራቱን ከአካሉ በላይ አድርጎት እንደነበረ እየሳቁ፣ ወዲያው ደግሞ እየተንሰቀሰቁ። የኔታ «አዎን፣ አዎን» አሉ። ተነሥቼ ወደ ውጭ ወጣሁ።

መጽሐፉ እስኪያልቅ እንዲሁ ሆነ። እማማ በማይመጡበት ቀን ሰማንያ አምስት፤ እማማ በሚመጡበት ቀን፣ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል፣ ሳይነግሩኝ እኔው ስድሳ አደርገዋለሁ። የመጨረሻዎቹን ገጾች የኔታ ማየት ተስኗቸው እኔ ፊደል በፊደል እየጠራሁላቸው በጆሯቸው አረሟቸው። በዚያን ጊዜም እማማ በመጡ ቁጥር የኔታ ወንበራቸውን ወደ መስታወቱ ያስጠጋሉ።

ክረምቱ ሲወጣ ደብረ ብርሃን ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰድናቸው። የዓይን ግፊት ነው፣ የቆየ በሽታ ነው አለ። እማማ ወጣ ሲሉልኝ ጠብቄ ስለ ስክሪኑ ጠየቅሁት። ከስክሪን አይመጣም አለኝ። ደግሜ ጠየቅሁት፤ ደግሞ ነገረኝ። «ሻማ ዙሪያ ቀለም ማየት ሲጀምሩ፣ ራሳቸውን ሲያማቸው፣ ያኔ ቢመጡ ኖሮ የቀረውን ማትረፍ ይቻል ነበር» አለ። እሳቸው አክሊል ነው ብለው፣ እኔ ስድሳው ነው ብዬ፣ አገሩም እንባውን ጸጋ ነው ብሎ ያን ሁሉ ወር አሳለፍነው። ሐኪሙ ጥፋተኛ አይደለሽም ያለኝ መስሎት ነበር። ያ ቃሉ ዛሬም ሲታወሰኝ ያንገበግበኛል።

መጽሐፉ ታትሞ የመጣው ለደብሩ ንግሥ ነው። ቅጥሩ በሰው ሞልቷል። እማማ የኔታን እጃቸውን ይዘው በሴቶቹ በኩል መጡ፤ ጥቁሩን አውልቀው ነጭ ለብሰዋል። ሴቶቹ የኔታን አይተው ከንፈራቸውን መጠጡ፤ አንዷ «ምን ነካቸው?» አለች። እማማ ቀና አሉ። ኩራት ነበር ፊታቸው ላይ፤ ሌላ ስም አላገኝለትም።

«ለልጃቸው አልቅሰው አልቅሰው ነው ዓይናቸው የጠፋ» አሉ። ከዚያ እኔን አዩኝና ክንዴን ያዙኝ። «ይቺው ምስክሬ። አንቺ አይተሽ የለም?»

የኔታ ፊታቸውን ድምፄ ወደሚመጣበት አዞሩና ጠበቁ።

«አዎን፣ እማማ፤ አይቻለሁ» አልኩ።